ማነው የሚጎትትህ?

ጀርመን አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። በቅርቡ ሦስት ፎቶ ላከልኝና «ዌክቦርድ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» አለኝ። እኔን የጠየቀበት ምክንያት ይገባኛል። ከቤተሰቡ ውስጥ የቆየ ታሪክ እያገላበጠ የሚያነብ፣ ሰው ሳይጠይቀው ስለ ታንኳ የሚያወራ እኔ ብቻ ነኝ። ሁለታችንም ያደግነው ወንዛዬ ነው። ለማታውቁት፣ ወንዛዬ ከደብረ ታቦር ወደ ጣና ቁልቁል ሲወረድ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለ ፍል ውሃ ነው። ወገቡን የቆረጠመው፣ ጉልበቱ የያዘው፣ ቆዳው ያስቸገረው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ይመጣል። እኛ ጋ ውሃ የሚነከሩበት ነው። ቆመው የሚሄዱበት ነው ብትሏቸው እናቶቻችን ያማትባሉ።

የአክስቴ ልጅ ግን አሁን ቆሞ እየሄደበት ነው። የሚሄድበትን ቦታ ኬብል ፓርክ ይሉታል። ጀልባ የለም። በአንድ ትንሽ ሐይቅ ዙሪያ አምስት ወይም ስድስት ረጃጅም ምሰሶ ይተከላል፣ ከምሰሶ ምሰሶ የብረት ገመድ ይዘረጋል፣ ሞተር ገመዱን ያዞረዋል። ከገመዱ ላይ መያዣ ያለው ማንገቻ ይንጠለጠላል። ሰውየው ሳንቃው ላይ እግሩን አስሮ መያዣውን ይጨብጣል፤ ገመዱ ነጥቆ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያበረዋል። ውሃው መሀል መንሸራተቻና ሐዲድ መሰል እንቅፋት ሆን ተብሎ ይቀመጣል። ሰዎቹ ገንዘብ ከፍለው እሱ ላይ ይወጣሉ። ምን ይባላል!

ለጥያቄው የመለስኩለት በጥያቄ ነበር፦ «ማነው የሚጎትትህ?»

ቀልድ አይደለም። በውሃ ላይ የሚሄድ ነገር ታሪኩን ስታዩት ቅርፁን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሚጎትተውና የሚጋጨው። ይህ ለጀርመኑ ሳንቃም ይሠራል፣ ለጣናው ታንኳም ይሠራል። ከሳንቃው ልጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1922 ክረምት ላይ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተቱት በውሃ ላይ ለመንሸራተት ተነሣ። ወንድሙ በጀልባ ይጎትተዋል። መጀመሪያ የበርሜል እንጨት እግሩ ላይ አሰረ፤ ሰመጠ። የበረዶ መንሸራተቻ ሞከረ፤ ሰመጠ። በመጨረሻ ሁለት የጥድ ጣውላ ገዛ፣ እያንዳንዱ 2.4 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ጫፋቸውን በእናቱ መቀቀያ ዕቃ ቀቅሎ ሽቅብ አጎበጣቸው። ያኔም ቢሆን ወዲያው አልሆነለትም። ወደ ኋላ ጋደል ብሎ የጣውላውን ጫፍ ከውሃ በላይ ሲያደርግ ነው የቆመው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ነገሩን የፈታው የጫፉ ጉብጠት ነው። ወደዚህ ጉብጠት ጣና ላይ እንመለሳለን።

ጀልባ ውድ ነው፣ አንድ ጀልባ የሚጎትተው ደግሞ አንድ ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ብሩኖ ሪክስን የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ጀልባውን አስቀርቶ በምሰሶና በገመድ ተካው፤ በአንድ ሞተር ብዙ ሰው ተራ በተራ መጎተት ቻለ። ጀርመን ውስጥ ኬብሉ የበዛው ለዚህ ነው። ሳንቃው ግን የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቶኒ ፊን የሚባል የማዕበል ተንሸራታች ትንሽ የማዕበል ሰሌዳ ከጀልባ ኋላ አሰረና «ስከርፈር» ብሎ ሸጠው። ስከርፈር አንድ ችግር ነበረበት፤ በጣም ይንሳፈፋል። ሰውየው ከውሃ ተነሥቶ ለመቆም መጀመሪያ ሳንቃውን ከሥሩ ማስገባት አለበት፣ ሳንቃው ደግሞ እንደ ቅል ወደ ላይ ይገፋል። ጉልበት የሌለው ሰው ከመጀመሪያው ተሸነፈ ማለት ነው። በ1990 ኸርብ ኦብራየን አልሰምጥም፣ በጣምም አልንሳፈፍም የሚል ቀጭን ሳንቃ አወጣ፤ «ሃይፐርላይት» የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሴቱም ልጁም መነሣት ቻለ። በ1993 ደግሞ ጂሚ ሬድመን ፊቱና ኋላው አንድ ዓይነት የሆነ ሳንቃ ሠራ። ዛሬ በየሱቁ የምታዩት በሙሉ የዚያ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ጀልባ ሲጎትትህ ከፊትህ ዝቅ ብሎ ነው የሚጎትትህ፤ ከኋላው ደግሞ ማዕበል ይተውልሃል፣ ዝላይህ ከማዕበሉ ነው። ስለዚህ የጀልባ ሳንቃ ጠጣር ይሆናል፣ ከሥሩ ትንንሽ ክንፍ ይተከልለታል፣ ጫፎቹ በብዛት ይጎብጣሉ፣ ታችኛው ቆዳው ቀጭን ነው፤ ከውሃ በቀር የሚነካው ነገር የለማ። ኬብል ግን ከላይ ነው የሚጎትትህ። ማዕበል የለም። ያለው ጠፍጣፋ ውሃና ጠጣር እንቅፋት ነው። ስለዚህ የኬብል ሳንቃ ታችኛው ቆዳ ወፍራምና መፋቅ የሚችል መሆን አለበት፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ እንጨት ነው፣ ሲጫኑት ይተጣጠፋል፤ ክንፍ ወይ የለውም ወይ ይፈታል፤ ጉብጠቱም ለዘብ ያለ ነው። ርዝመቱ በሰውየው ክብደት ይወሰናል። ከ60 እስከ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው አብዛኛው ሠንጠረዥ የሚሰጠው ከ135 እስከ 145 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ጀማሪ ከሆነ ትንሽ ረዘም ቢልለት ይረጋጋል።

ከተላኩልኝ ሦስት ፎቶዎች መካከል በጣም የሚያምረው፣ የሚያብረቀርቀው፣ የጀልባ ሳንቃ ነበር። በኬብል ፓርክ ሐዲድ ላይ ቢያወጣው ሥሩ ይሰነጠቃል፤ ብዙ አምራቾችም እንቅፋት ላይ ለተሰበረ የጀልባ ሳንቃ ዋስትና አይሰጡም። «እሱን ተወው» አልኩት። የራስ ቁርና ወፍራም ሰደርያ ሳይገዛ ስለ ሳንቃ ቀለም ማሰቡንም ተው አልኩት፤ ይቺ የታላቅነት ምክር ናት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሲያነብ የቆየ የጣና አካባቢ ልጅ ምን ትዝ እንደሚለው መገመት አያስቸግርም። የወንዛዬ ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ጣና ይገባል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። ዳር ዳሩ ደንገል ይበቅልበታል። ደንገል ግብፆች ወረቀት የሠሩበት ተክል ነው፤ ግንዱ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ።

ታንኳ የዚያ ደንገል እስር ነው። ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ በልጥ ይጠፈራሉ፣ ፊቱ እየቀጠነ ሽቅብ ይታጠፋል። ውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባል፤ ጭነቱም ሰውም እሱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ውሃ በነዶዎቹ መካከል መግባቱ አይቀርም፤ ታንኳ ውሃ የማያስገባ ዕቃ አይደለም፣ ራሱ የሚንሳፈፍ ዕቃ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእንጨት ጀልባ ሲቀደድ ይሰምጣል፤ ታንኳ ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይከዳችሁም። ስለዚህ ሲመለሱ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማቆም ነው። ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲያረጅ ሌላ ይታሰራል። የሚጎትተው፣ ወይም የሚገፋው ልበል፣ የሰው ክንድና አንድ ረጅም ዘንግ ነው፤ ለዚያ ጉልበት ቀላል ነገር ያስፈልጋል። የሚጋጨው ደግሞ የዳር ድንጋይና ደለል ነው፤ ደንገል ድንጋይ ሲነካ ይለዝባል። የአክስቴን ልጅ ሳንቃ በደንገል ቋንቋ የገለጽኩት መሰላችሁ? ትንሽ እንደዚያ ነው።

ይህን ሙያ ለረጅም ዘመን የያዙት የጣና ዳር የወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት ሲያገሏቸው ኖረዋል፤ አብሯቸው ማዕድ የማይቀርብ ሰው ግን በታንኳቸው ይሻገር ነበር፣ እንጨቱንም ቡናውንም ከዘጌ ያስጭን ነበር። ይህን ሳልጠቅስ ስለ ታንኳ ውበት ብጽፍ ነውር ነው።

አሁን ወደ ጉብጠቱ። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ ነበር፤ በ1947 «ኮን-ቲኪ» በተባለ የግንድ ታንኳ ሰላማዊ ውቅያኖስን በማቋረጥ ስሙ የታወቀ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣለት፤ የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ወይ? የደንገል ነገር አዋቂ ነን ያሉት ሰዎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይበሰብሳል አሉት። ግብፅ ውስጥ ደንገል ጠፍቶ ስለነበር ወደ ጣና መጣ። ታንኳዎቻችንን አየ፤ ከዚያ 12 ቶን ገደማ ደንገል ታጭዶ፣ በምጽዋ በኩል ተጭኖ፣ ግብፅ ደረሰ። ፒራሚዶቹ አጠገብ ጀልባውን ያሰሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። «ራ» ተባለ፤ እንደ ፀሐይ አምላካቸው። የጣና ደንገል ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ግንቦት 25፣ 1969 አትላንቲክ ላይ ወጣ። ሰባት ሰዎች፣ ከሰባት አገር።

ይህን ታሪክ ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ሰምቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ማጭዱን ይዞ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ያጨደው ደንገል ነው።

በግብፅ መቃብር ሥዕሎች ላይ የጀልባዎቹ ኋላ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ይቆለመማል፤ ከቁልማሚው ጫፍ ደግሞ አንድ ገመድ ወርዶ ከጀልባው ወለል ጋር ይታሰራል። የቻድ ጀልባ ፊቱ እንጂ ኋላው እንዲህ አይደለም፤ ሠሪዎቹ ለሥዕሉ ብለው ኋላውን ቆለመሙት። ገመዱ ግን ቀረ። ጭራው ያለ ገመድ ቀጥ ብሎ ቆሟልና ለምን ያስፈልጋል? ባሕር ላይ ሲደርሱ መልሱ መጣ። ጭራው በየቀኑ ዝቅ ዝቅ እያለ ሄደ፤ ማዕበል በኋላ በኩል ይገባ ጀመር። ያ ገመድ ለጌጥ አልነበረም። ጭራውን እንደ ቀስት ወጥሮ ይይዘዋል፤ ማዕበል ሲመጣ ጭራው ይጎብጣል፣ ገመዱ ይመልሰዋል። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው «ራ»ን ጥለው ወጡ። አንድ ገመድ!

ሰውየው ተስፋ አልቆረጠም። በዓመቱ ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ አራት የአይማራ ባለሙያዎችን አመጣ፤ ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ ነበር። 12 ሜትር የምትረዝመው «ራ 2» ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን፣ ሐምሌ 12፣ 1970 ባርቤዶስ ገባች። ግብፆች አሜሪካ ደርሰዋል የሚለውን ሐሳቡን አብዛኛው የታሪክ ባለሙያ አይቀበለውም፣ እኔም አልቀበለውም። ደንገል አትላንቲክን እንደሚሻገር ግን ታይቷል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ሳሙኤልሰን በእናቱ ዕቃ የቀቀለው ጉብጠት፣ ዛሬ ሮከር እየተባለ በሴንቲ ሜትር የሚለካው ጉብጠትና የ«ራ» ጭራ አንድ ጥያቄ ነው የሚመልሱት፤ ውሃ ከፊትና ከኋላ ሲመታህ እንዴት ከላዩ ትቆያለህ?

ጣና ላይ የሚጎትተውን ለመቀየር የሞከረም ነበር። በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ሰፈራቸው ዘጌ ነበር። ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ተይዞ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚነግረን፣ ንጉሡ የእንፋሎት መርከብ የሚመስል ነገር ከደንገል አሠርተው ነበር። ከላይ የእንጨት ወለል፣ ከጎንና ከጎን መንኮራኩር፤ መንኮራኩሩን የሚያዞረው እንደ መሳያ ድንጋይ በእጅ የሚዘወር እጀታ ነው። ብላንክ ነገሩን በፈገግታ ነው የሚያወራው። እኔ ግን አልሥቅም። ቴዎድሮስ በእጃቸው ያለውን ገላ በትክክል መርጠዋል፤ ጣና ዳር ከደንገል የተሻለ የሚንሳፈፍ ነገር ከየት ይመጣል? የጎደለው ሞተሩ ነው። በዚያው ዓመት በሽታ ሰፈሩን ፈታውና ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። ቀጥሎ ጋፋት ላይ ያስጣሉት ሴባስቶፖል መድፍ፣ 70 ኩንታል የሚገመተው፣ እስከ መቅደላ የተጎተተው በሰው ነው። ሞተር በሌለበት አገር ለውሃውም ለተራራውም የሚጎትተው ክንድ ነበር።

እውነተኛው ኬብላችን ግን ዓባይ ላይ ነው። ከጎጃም ሞጣ በኩል ወደ ደቡብ ጎንደር የሚያሻግር አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መሀሉን አፈረሱት፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ጠላት ወጣ፣ ድልድዩ ግን እንደተሰበረ ለስድሳ ዓመት ቆየ። ሰው መሻገር አለበት፤ ገበያ አለ፣ ዘመድ አለ፣ የታመመ አለ። በክፍተቱ ላይ ገመድ ተወጠረ። ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ይንጠለጠላል፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ወንዶች ይጎትቱታል። ከሥር ዓባይ ነው። እዚያ ታንኳ አይሠራም፤ ውሃው ይወስደዋል። ስለዚህ የተመረጠው ነገር የለም፤ ሰውየው ራሱ ነው ሳንቃው።

አንድ ፎቶግራፍ በአሜሪካ መጽሔት ወጣና ኬን ፍራንትዝ የሚባል ሰው አየው፤ በ2001 ለድልድይ ሥራ የሚሆን ድርጅት አቋቁሞ በ2002 ከአካባቢው ሰው ጋር ክፍተቱን በብረት ገጠሙት። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ መሻገሪያ ተሠራ። ምሰሶ፣ የብረት ገመድ፣ ከሥር ውሃ። ጀርመን ያለው ልጅ የሚዝናናበት ዕቃ ነው፤ ሌላው ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ይደርስበታል።

«ጣና ላይ ኬብል ፓርክ ቢኖርስ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የአክስቴ ልጅም ብሎኛል። ሐሳቡን አልጠላውም። ጠፍጣፋና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው የሚፈልገው፣ ያንን አናጣም። ግን የት? ከ2011 ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ዳር እምቦጭ ገብቷል፤ የፎገራና የደምቢያ ሰው በእጁ ሲነቅለው፣ ተመልሶ ሲበቅል አይተናል። ውሃው ሲሸሽ መሬቱ ይታረሳል፣ ደንገሉ ይታጨዳል፣ ከብት ይገባበታል። ደንገል ብቻውን ታንኳ አይደለም፤ ዓሣ የሚራባበት ነው፣ ወንዞቹ ይዘውት የሚመጡትን ደለል የሚያጠልል አጥር ነው። የጉማራ ደለል ከእኛው ማሳ የሚታጠበው አፈር ስለሆነ ይህን የምለው ዳር ቆሜ አይደለም።

ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ በማለዳ ብትወጡ ዛሬም ታንኳ ታያላችሁ። እንጨት የጫነ፣ መረብ የጫነ። አጠገቡ የሞተር ጀልባ ያልፋል፤ ሞተሩ የሚተወው ማዕበል ታንኳውን ያወዛውዘዋል፣ ቀዛፊው ዘንጉን ውሃ ውስጥ ተክሎ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አሠራሩን የሚያውቁት ሰዎች አሁንም አሉ። ደንገል ፍለጋ የሚሄዱበት መንገድ ግን እየራቀ ነው።